በካርቱም ለተሞረዱ ጥርሶቻችን የቀረበ ምስጋና

ኅዳር 22 ቀን 2010 ዓ.ም.
እንጅባራ

በካርቱም ከተማ ለ«ዕንቍ ፈገግታ» የጥርስ ማሳመሪያ ማዕከል ዋና ኃላፊ፣
ለክቡር ዶክተር፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ፣ የሚጠጡት ውኃ ጥርስዎን የማይጠዘጥዝ፣ የሚቆርሱት ዳቦም ሳያሳምምዎ የሚወርድ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። ውኃና ዳቦ ምን ያህል ትልቅ ጸጋ እንደሆኑ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ምርቃቱ በቅድሚያ ለእርስዎ ይገባል።

ይኸነው ኪዳኑ እባላለሁ። የእንጅባራ ነዋሪ ስሆን ከአዲስ ቅዳም ገበሬዎች ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የሚከስል ከሰል እየገዛሁ በመተማ በኩል ወደ እርስዎ አገር የምልክ ነጋዴ ነኝ። ስሜን ረስተውት ይሆናል፤ ፊቴን ግን እንደማይረሱት እርግጠኛ ነኝ፤ ወኪልዎ አቶ ሽባባው በመናኸሪያችን በር ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ ላለፉት አሥር ወራት ሳላቋርጥ ስስቅልዎት ቆይቻለሁና። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩትም ሳቄ በግልጽ ስለተሰቀለ ነው። የዕለት ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ስላለኝ ቅሬታዬን በቀንና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥርሶቼ። በጥቅምት ወር 2009 ዓ.ም. ሁለት መኪና ከሰል አራግፌ ሦስተኛው እስኪደርስ ድረስ ወንበርዎ ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ የፊት ጥርሴ ጫፉ ተሸርፎ፣ ሌሎቹም በዕድሜና በሻይ ጠቁረው ነበር። ይህ ለሃምሳ ዓመት ሰው በሽታ አይደለም፤ ነገር ግን እርስዎ ዘንድ ርካሽ ነው ተባልኩ፣ ርካሽ ሲባል ደግሞ የነጋዴ እግር አይታዘዝም። እንደ ግድግዳ የሚቀቡኝ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን ስምንት ጤነኛ ጥርሶቼን እንደ እርሳስ ሞርደው ነጭ ቆብ ደፉባቸው። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ እንደማያድግ አስቀድመው ስላልነገሩኝ አመሰግናለሁ፤ ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ተነሥቼ እሄድና የአራት ቀን ድካምዎ ከንቱ ይቀር ነበር። በዚህ የማፍረው ግን በራሴ ነው። አንድ ማዳበሪያ ከሰል ስገዛ እጄን እስከ ታች ሰድጄ ድቃቂውን ሳልፈትሽ ዋጋ አልቆርጥም። በአገራችን ፈረስ እንኳ አፉ ሳይከፈት አይገዛም። የራሴን አፍ ግን ከፍቼ ስሰጥ ምን ሊደረግበት እንደሆነ አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ሁለተኛ፤ ስለ ፎቶግራፉ። ጥር 23 ቀን በጊዮርጊስ የፈረሰኞች በዓል ላይ በተሸለመ ፈረስ ተቀምጬ ስስቅ የተነሣሁትን ፎቶ አቶ ሽባባው ሲለምኑኝ ደስ ብሎኝ ሰጠኋቸው። ፈረሱን ቆርጠው ጥለው ጥርሴን አስቀሩ፤ ከሥሩም «የአምስት ዓመት ዋስትና» ብለው ጻፉበት። ባለቤቴ ማናለብሽ ማስታወቂያውን አይታ «ይኸን ሁሉ ጥርስ ለማን ብለህ ነው?» ብላ ስታሾፍብኝ በቅናት ተርጉሜው አለፍኩ። ያን ጥርና የካቲት በየሠርጉ ቤት ከንፈሬን መግጠም ተስኖኝ እንደከረምኩ አገር ያውቃል።

ሦስተኛ፤ ስለ እህቴ ስለ ይታይሽ። ይህን ቁጥር ለመጻፍ ከሰኔ እስከ ኅዳር ፈጅቶብኛል። ይታይሽ በጥሊሊ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ታናሽ እህቴ ናት። ልጅ ሳለች እናታችን እህተማርያም በገዛ እጇ፣ በመርፌና በጥላሸት፣ ድዷን ነቅሳላት ነበር። ክቡርነትዎ ላያውቁት ይችላሉ እንጂ በእኛ ዘንድ የተነቀሰ ድድ ጌጥ ነው። እናታችን ካረፈች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት፤ አንድ ፎቶ እንኳ የላትም።

ይታይሽ የእኔን አፍ አይታ እኔም ልሂድ አለች፤ ከፋሲካ በኋላ ይዣት መጣሁ። መንገዱን ሙሉ ዐረብኛዬን እያደነቀች ነበር የመጣችው። ዐረብኛዬ ግን የከሰል ዐረብኛ ነው፤ ጆንያ፣ ሚዛን፣ ነገ፣ እግዜር ቢል፤ ከዚያ አያልፍም። እርስዎ ድዷን ሲያዩ ጠሩኝ፤ በጣትዎ እያመለከቱ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ወረቀትም አቀረቡልኝ። ከተናገሩት አንድም አልገባኝም። ከበርዎ ላይ ሻይ የምትሸጥ የጎንደር ልጅ ነበረች፤ እሷን ጥሩልኝ ብል ይበቃ ነበር። እህቴ እያየችኝ «አልገባኝም» ማለት ግን አሳፈረኝ። ራሴን ነቅንቄ ፈረምኩ። በንግድ ዘመኔ ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም በሰው አፍ ላይ።

እርስዎም ንቅሳቱን እንደ ጉድፍ ቆርጠው አነሡት። መደንዘዣው ሲለቃት መስተዋት አምጡልኝ አለች፤ ብዙ ጊዜ ተመለከተች። ከዚያም «ወንድሜ፣ የእናታችንን እጅ የት አደረሱት?» አለችኝ። እናታችን ስንት ቀን ጎንበስ ብላ የሠራችውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ስላጸዱልን ቅልጥፍናዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

አራተኛ፤ ስለ ዋስትናዎ። በሰኔ የይታይሽ ድድ ሸሽቶ የጥርሷ ሥር ታየ። የእንጅባራና የጥሊሊ ብርድ እንደ ካርቱም አይደለምና ነፋስ በገባበት ቁጥር እየተጠዘጠዘች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ ቅቤ ትሸጥ ጀመር። የእኔም ከቆቡ ሥር መግል ቋጠረ። ባሕር ዳር የሄድንበት ሐኪም ምን ተሠራላችሁ፣ በምንስ ተጣበቀ ብሎ ቢጠይቀን ከደረሰኝ በቀር የምናሳየው ወረቀት አልነበረንም። ከእኔ ሁለት፣ ከእሷ አንድ ነቀለ፤ የቀሩኝን ስድስት ቆቦችም አወለቀ። ወደ ማዕከልዎ ስንደውል አንድ ጊዜ ኔትወርክ የለም፣ ሌላ ጊዜ ዶክተሩ ዕረፍት ላይ ናቸው ስንባል ከረምን፤ በመጨረሻም ዋስትናው የሚሠራው ታካሚው በአካል ወንበርዎ ላይ ሲገኝ ብቻ መሆኑ በትሕትና ተነገረን። መንጋጋው ያበጠ ሰው ድንበር ተሻግሮ እንዲጎበኝዎ መጋበዝዎ እንግዳ ተቀባይነትዎን ያሳያል።

አምስተኛው ቅሬታ እርስዎን አይመለከትም። ይህን ሁሉ እኔም እህቴም ለማንም ሳንናገር ቆየን። እኔ ባሕር ዳር የተሠራልኝን ተነቃይ ጥርስ አድርጌ በገበያው መሳቄን ቀጠልኩ፤ ሰው ሲጠይቀኝም «ደኅና ነው» አልኩ። በዚህ ቃሌ ተማምነው ከገና በኋላ ወደ እርስዎ ለመጓዝ አሥራ አንድ ሰዎች ተመዝግበዋል። ከእነርሱ አንዷ ዳንግላ የምታስተምረው የይታይሽ ልጅ ፀደይ ናት። ለሠርጓ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቷ ሲሆን አንድም የታመመ ጥርስ የላትም። ቅሪ ብላት «አጎቴ፣ እርስዎ እያበሩ እኔን በጨለማ ሊያስቀሩኝ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። ምክንያቱን አልነገርኳትም፤ አሁንም ማፈሬ በለጠብኝ።

ባለፈው እሑድ ግን ጥሊሊ እናቷ ቤት ጠበቅኋት። ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ተነቃዩን ጥርስ አወለቅሁና አፌን ከፈትኩላት፤ ስድስት ጉቶና ሁለት ባዶ ቦታ። እየደጋገመች አየች። ከዚያ «እናቴስ?» አለች። ይታይሽ ከጓዳ ወጥታ ነጠላዋን ከአፏ ገለጠች። ፀደይ እናቷን አቅፋ ካለቀሰች በኋላ ስሟን እንደምታሰርዝ ነገረችን።

አሥር ሰዎች ይቀራሉ። ይህ ደብዳቤ በእርስዎ ስም ቢጻፍም የተላከው ለእነርሱ ነው፤ ሌላው ቢቀር የሚሞረደው ምን ያህል እንደሆነ፣ ቢበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ የሚፈርሙትም ምን እንደሚል በሚገባቸው ቋንቋ ሳይጠይቁ አፋቸውን ለማንም እንዳይከፍቱ። ፀደይ አንብባላት ይታይሽ ስሟ እንዲጻፍ ፈቅዳለች። ይቅርታ ግን አላደረገችልኝም፤ እኔም እስከ ዛሬ ደፍሬ አልጠየቅኋትም ነበር። በሰው ፊት ለበደልኳት እህቴ ይኸው በሰው ፊት እጠይቃታለሁ፤ ይቅር በይኝ።

ክቡርነትዎ ሥዕሌን ከመናኸሪያው በር እንዲያስነሡልኝ እየለመንኩ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከቀሩኝ ጥርሶች ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የማስታወቂያዎ ፊት የነበርኩት
ይኸነው ኪዳኑ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ አቶ ሽባባው የፀደይ ተራ አንዴ ከተያዘ እንደማይሰረዝ፣ በሌላ ሰው መተካት ግን እንደሚቻል ገልጸውልናል። ስለ ምትክ እንዳያስቡ፤ አግኝተናል። ወኪልዎ ይህን ያህል ሰው ወደ እርስዎ ሲልኩ ራሳቸው አንድም ቀን ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው አያውቁም፤ ሠላሳ ሁለቱም ጥርሳቸው እናታቸው የሰጠቻቸው ነው። ተራውን በደስታ ለቀቅንላቸው። ማክሰኞ ዕለት ሄደን ስናበሥራቸው ግን፣ ለምን እንደሆነ አልገባንም፣ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።