ለተሸናፊው የላክነው የደስታ መግለጫ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 1953 ዓ.ም.

ዛሬ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሾምንላት። እነሱ ገና ድምፅ እየሰጡ ነው አሉ፤ ሶዶ ግን ጨርሳለች። አለቃዬ ቀኛዝማች እኔን ጸሐፊያቸውን ጠዋት አስጠሩኝ። “ለአዲሱ ፕሬዚዳንት የደስታ መግለጫ ጻፍ። ጎረቤቶቻችን የቦዲቲ ሰዎች እንዳይቀድሙን!”

“ጌታዬ፣ ማን እንዳሸነፈ ገና አልታወቀም።”

“አንደኛው ተወዳዳሪ የአሁኑ ፕሬዚዳንት ምክትል አይደለም እንዴ?”

“ነው። ሌላኛው ግን ልጅ እግር ነው።”

“ታዲያ! ምክትል ቁጭ ብሎ ከውጭ ሰው ይሾማል? ሥርዓት የላቸውም?”

እኛ ቢሮ ምክትል ይጠብቃል፣ ይሸብታል፣ ይሾማል። አሜሪካ ከዚህ ምን ትለያለች? አሳምሬ ጻፍኩ። እንደ ልማዳችን “ስለ ቀኛዝማች” ብዬ እኔው ፈረምኩ፤ ማኅተም ተመታበት።

ረቡዕ

ፖስታው በማለዳው አውቶቡስ አዲስ አበባ ወዳለው የአሜሪካ ኤምባሲ ሄደ። ለባለቤቴ ለማርታ ነገርኳት። ወሯ ገብቷል፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። “ለአሜሪካ ሹመት አንተ ምን ቤት ነህ?”

ኩራቴ የጣደችው ጎደሬ እስኪበስል ብቻ ቆየ።

ሐሙስ

ወየው! ሬዲዮ ያለው ጨርቅ ነጋዴው አቶ ተካ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ይጮሃል። “ልጅ እግሩ አሸነፈ! ምክትሉ ወደቀ!”

“በእግዜር፣ ቀስ በል” አልኩት።

“ምነው፣ ዘመድህ ነው?” ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

እንግሊዝ ለልጅ እግሩ ደስታዋን ገልጻለች። ፈረንሳይም። ሩሲያ እንኳ! ከዓለም መንግሥታት ሁሉ ለተሸናፊው ደስ ያላት ሶዶ ብቻ ናት።

ቢሮ ስገባ ቀኛዝማች ቀድመው ሰምተዋል።

“ማነው የፈረመው?”

“እርስዎ አዘውኝ…”

“የኔን ፊርማ አየህ? በመንግሥት ማኅተም ተጫወትክ። እሥር ቤት ነው የምትገባው!”

ጭንቀቶቼ፦ እሥር። ማርታ ብቻዋን ስታምጥ። ልጄ ከአባቱ ጋር በእሥር ቤት አጥር ቀዳዳ ሲተዋወቅ።

ዓርብ

እህል አልቀመስኩም። አውቶቡሱን ጭቃ ይዞት ይሆናል፣ ፖስታውን አስመልሳለሁ ብዬ በጭነት መኪና ቦዲቲ ድረስ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ መንገድ ላይ ሦስት ቀን የሚያድረው አውቶቡስ፣ በዚህ ሳምንት እንደ ንስር በሮ አዲስ አበባ ገብቷል።

ማርታ ዛሬ አልሳቀችም። “ብቻዬን ልወልድ ነው?” አለችኝ።

ቅዳሜ

ወንጀሌን ለበላይ የሚያመለክት ክስ ይጻፍ ተባለ። ማን ይጻፈው? በቢሮው ውስጥ ጽሕፈቱ የሚነበብ እኔ ብቻ ነኝ። ተቀምጬ ራሴን ከሰስኩ። ቀኛዝማች አስነበቡኝና “ቁጣ ጎደለው” አሉ። “ደፋር” የሚል ጨመርኩ። “ሀፍረተ ቢስ” ደገምኩ።

“አሁን አማረ” አሉ። ከዚያ ጽሕፈቱን ትክ ብለው አዩት። “አንተ ከታሠርክ የሰኞውን ደብዳቤ ማን ይጽፍልኛል?”

“ማንም የለም፣ ጌታዬ።”

“እንግዲያው ሌላ ጸሐፊ እስኪገኝ ክሱ መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። የቅጥር ማስታወቂያ አውጣ።”

ማስታወቂያውን ቤት ይዤው መጥቻለሁ። ከአመልካቹ የሚፈለገው ችሎታ ላይ ደርሻለሁ፦ ግዕዝ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ የሃያ ዓመት ልምድ።

ማርታ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ታነባለች። “ዓረብኛም ጨምርበት” አለችኝ።