ሎዛ የጠየቀችኝ ጥያቄ

እንደ እናት ሆነሽ ላሳደግሽኝ እህቴ፣ ለእታለም አስረሳች። እንደምን ከረምሽልኝ? የጉልበትሽ ሕመም እንዴት ነው? ጋሽ ተገኘስ ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ አገሩ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሙቀቱ ገና በመጋቢት ጀምሮናል። ከስቻለሁ ብልሽ አትጨነቂ፤ ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ስለ ገቡ ሰመራ ውስጥ ያልከሳ ሰው የለም።

ስልክ እያለ ለምን ወረቀት አነሳ ትዪ ይሆናል። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ያልሆነልኝ ነገር ስላለ ነው።

እንደምታውቂው ዘንድሮ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ከትምህርቱ አንዱ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ አገር የተጻፈ ወፍራም ልቦለድ ነው። ቤተሰቧ ያልወደዱትን ሰው አግብታ፣ ከዘመድ ተለይታ፣ በዚያ ብርድ አገር ልጅ የምትጠብቅ የአንዲት ድሃ ሴት ታሪክ ነው። መጀመሪያ ማስተማሩ አቀበት ሆኖብኝ ነበር። በረዶውን፣ ጭጋጉን፣ ቀኑን ሙሉ የሚነደውን እሳት በዚህ ሐሩር ለተቀመጠ ተማሪ እንዴት ላስረዳው? አፍናን የምትባል የአይሳኢታ ልጅ «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች እሳት ዳር ተቀምጠው እንዴት ይተነፍሳሉ?» ብላ ክፍሉን አሳቀችው። ሴትዮዋ ከቤት የተባረረች ዕለት ግን ሳቁ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ቤት ሳይቀር ስለ እሷ ሲከራከሩ እሰማቸዋለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዷ ሎዛ የአዋሽ ልጅ ናት። ባሏ ወደ ጂቡቲ በሚወስደው የገላፊ መንገድ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ትምህርቱን ስንጀምር ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ የመጀመሪያዋ ነው። ወገቧን በእጇ ደግፋ ከፊት ትቀመጣለች። እኔ ደግሞ የመጽሐፉን መጨረሻ አውቃለሁ፤ ያቺ ሴት ልጇን ወልዳ በማግስቱ ትሞታለች። ምዕራፉ እየቀረበ ሲመጣ ጭንቀት ያዘኝ። እንዳልዘለው ፈተና ላይ ይመጣል። አብሮኝ የሚያስተምረውን ባህሩን ባማክረው «ልቦለድ እኮ ነው፣ ምን አስጨነቀህ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔን ግን አልቀለለኝም።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ከክፍል ስንወጣ ሎዛ ወደ ኋላ ቀረች። «ቲቸር፣ ሐኪሞቹ ደም ግፊት ስላለብሽ ተኝተሽ ምጥሽን ትጠብቂያለሽ ስላሉኝ ነገ ዱብቲ ሆስፒታል እገባለሁ። ሳልሄድ አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሴትዮዋ በሰላም ትወልዳለች? ትተርፋለች?» አለችኝ። አፌን ስከፍት ምን እንደሚወጣኝ አላውቅም ነበር። «ትወልዳለች፣ ትተርፋለችም፤ ልጇንም ታሳድጋለች» አልኳት። «እንዲያ ከሆነ ጥሩ» ብላ ደብተሯን ይዛ ሄደች።

ምጧ ከባድ ሆነ። ባሏ ጂቡቲ ነበር፤ እናቷ ከአዋሽ ያገኙትን መኪና ይዘው ደረሱ። አፍናን ከእሳቸው ጋር ኮሪደር ላይ ተቀምጣ እየደወለች ትነግረኛለች። በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች፤ ብዙ ደም ስለ ፈሰሳት ተማሪዎቹ ደም ሰጡላት፣ እኔም ሰጠሁ። እስክትነቃ ድረስ እንዴት እንደ ሆንኩ አልነግርሽም። ያቺኛዋ ትተርፋለች ባልኩበት አፌ ይህችኛዋን የገደልኳት መሰለኝ።

ሲሻላት ልጠይቃት ሄድኩ። እውነቱን ልነግራት አስቤ ገና «ያ መጽሐፍ» ስል አቋረጠችኝ። «ጥር ላይ ጨርሼዋለሁ ቲቸር» አለችኝ። ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ አልኳት። ልጇን እያየች «እናቴ ስለ ምጡ ሳነሳባት ታለቅሳለች። ባሌ መንገድ ላይ ነው። ሌላው ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያውቃል ይላል። አንድ ሰው ትተርፋለች ብሎ አፉን ሞልቶ ሲናገር መስማት ፈልጌ ነው» አለች። እናቷ የምንነጋገረው ሳይገባቸው አጥሚት ቀድተው ሰጡኝ።

ባለፈው ሰኞ ወደ ክፍል ተመለሰች፤ ልጇን እናቷ ውጭ ጥላ ሥር ይዘዋታል። ያንን ምዕራፍ እስክትመጣ አቆይቼው ነበርና ማን ያንብብ ስል እጇን አወጣች። ሳትቸኩል እስከ መጨረሻው አነበበችው። አህመዲን የሚባል ተማሪ የእውነት ሰው የሞተ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኢና ሊላሂ» አለ። ማንም አልሳቀም። ሕፃኗ ከውጭ ስታለቅስ ሎዛ መጽሐፉን ዘግታ ልታጠባት ወጣች።

እታለም፣ ልጅ ሳለሁ እማዬ የት ናት ስልሽ ጸበል ሄዳለች፣ ትመጣለች ትዪኝ ነበር። እኔን ወልዳ ማረፏን በኋላ ከሰው ሰማሁ፤ አንቺን ግን ደግሜ አልጠየቅሁሽም፣ አንቺም አላነሳሽውም። ያኔ አንቺም ልጅ ነበርሽ። ያንን ስትነግሪኝ በሆድሽ ምን ይዘሽ እንደ ነበር ያሰብኩት ገና አሁን ነው። ለፋሲካ ስመጣ ስለ እሷ አጫውቺኝ። የሞቷን ነገር ካልፈለግሽ ተይው፤ ምን ያስቃት እንደ ነበር፣ ስትቆጣ እንዴት እንደምትሆን፣ አንቺን ምን ብላ እንደምትጠራሽ ንገሪኝ።

ጋሽ ተገኘን እጅ ነሥቷል በዪልኝ። ኮከብ ትምህርቷን ትበርታ። አቡሽን ሁለቱን ጉንጮቹን ሳሚልኝ። እማማ ስንቅነሽን በጸሎታቸው እንዳይረሱኝ ንገሪያቸው።

ወንድምሽ እሸቴ
ሰመራ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.