ስለ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቅጣው ተስፋው ዕረፍትና ሳይመረቅ ስለቀረው የደሴት አልበማቸው

የሰቆጣ ሙዚቀኞች መረዳጃ ማኅበር መሥራች አባሉን አርቲስት ቅጣው ተስፋውን ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በሞት ማጣቱን ሲገልጽ ኀዘኑ ከባድ ነው። በእነዚህ ጥቂት ዓመታት እንዲህ ያለ መግለጫ ደጋግመን ስለጻፍን፣ ቃላችን ደክሞ ቢገኝ ይቅር እንድትሉን እንጠይቃለን።

አርቲስት ቅጣው በ1955 ዓ.ም. በሰቆጣ አቅራቢያ ባለችው ዝቋላ ተወለዱ። ዜማን ከመሪጌታ አባታቸው፣ ቤዝ ጊታርን በ1974 ዓ.ም. ከገቡበት የኪነት ቡድን ተማሩ።

ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ለሃያ አራት ዓመታት በአዲስ አበባ ሆቴሎች ጃዝ ተጫውተዋል። ከአርባ በላይ በሆኑ የሌሎች ሰዎች አልበሞች ላይ ቢሠሩም በራሳቸው ስም የወጣ አንድም ሥራ አልነበራቸውም። በ2008 ዓ.ም. ወደ ሰቆጣ ተመልሰው ይህን ማኅበር ከእኛ ጋር አቋቋሙ።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከተፈናቀሉበት ሲመለሱ ቤታቸው ባዶ ነበር፤ ቤዝ ጊታራቸውም ተዘርፎ ነበር። በዚህ ምክንያት ዓሣ አጥማጁ ወንድማቸው አቶ አሥራተ ማርያም ወደሚኖሩባት፣ የተከዜ ግድብ ውኃ ከብቦ ደሴት ወዳደረጋት ጉብታ ሄደው አንድ ዓመት ተቀመጡ። መረብ ሲጎተት፣ ፍየል በጀልባ ሲሻገር፣ ነፋስ ሰዉን ቀናት ሙሉ ከገበያ ሲያስቀር ያዩትን በአፋቸው እያንጎራጎሩ በስልክ ቀረጹ።

ከዚያ የተገኙት ስምንት ሥራዎች፣ በተውሶ ቤዝ ተቀርጸው፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. «ውኃ ያስቀራት» በሚል ርእስ የመጀመሪያ የግል አልበማቸው ሆነው ወጡ።

ማኅበሩ አልበሙን በሰቆጣ ለማስመረቅ ቃል ገብቶ ነበር። መስከረም ላይ አዳራሹ ለስብሰባ ተያዘ። ኅዳር ላይ መብራት ጠፋ። ታኅሣሥ ላይ የቆየ የኩላሊት ሕመማቸው ስለጠና እስኪሻላቸው እንቆይ ብለን ወሰንን። እርሳቸው ግን «መቆም ቢያቅተኝ ተቀምጬ እጫወታለሁ» ብለው መልእክት ልከውልን ነበር። አልሰማናቸውም። ጥፋቱ የማኅበሩ ነው።

በቀብራቸው ዕለት አልበሙን በድምፅ ማጉያ ለማሰማት ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩሐረግ ካሤን ብናስፈቅድ፣ «በሕይወት እያለ ያላሰማችሁለትን በሬሳው ላይ አታሰሙት» አሉን። ቀብሩ በካህናቱ ጸሎት ብቻ ተፈጸመ።

ከአርባቸው በኋላ፣ ወይዘሮ ጥሩሐረግ ከፈቀዱ፣ አባላቱ አልበሙን እዚያው ለመጫወት መሣሪያቸውን ይዘው ወደ ደሴቷ ይሻገራሉ። የአዳራሽ ፈቃድ አንጠብቅም።

ለወይዘሮ ጥሩሐረግ፣ ለልጃቸው ለማርታ፣ ለአቶ አሥራተ ማርያምና ለዓሣ አጥማጅ ጎረቤቶቻቸው እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥልን። የሙያ ባልደረቦቻችን ደግሞ፣ ዛሬ የታመመ ባልደረባ ያላችሁ፣ ቀን ሳትቀጥሩ ሂዱና ስሙት።

የሰቆጣ ሙዚቀኞች መረዳጃ ማኅበር
ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.