የቴንዛሮ ግራ ክንድ

ሜይ 11፣ እሑድ

ዝናብ። ለእማዬ የዓይን ጠብታዋን አደረግሁላት፣ ሩዝ ጣድሁ፣ ልብስ ማስጣት አልተቻለም። ትናንት መንዳት የማስተምራት ልጅ ፍሬን የረገጠች መስሏት ነዳጅ ረግጣ የትምህርት ቤቱን አጥር ገጭታዋለች። ወገቤን አሁንም ያመኛል። በሃምሳ አራት ዓመቴ ነፍሴን ለልጆች እግር አደራ ሰጥቼ እውላለሁ...

ከሰዓት እንደ ወትሮው ታቴይሺ ሰፈር ያለችው ካፌ። ጹኩዳና ኦሪሃራ ቀድመውኛል። ሦስታችንም በሽታችን አንድ ነው፤ በልጅነታችን የነበሩትን የጎማ አሻንጉሊት ጀግኖች መሰብሰብ። ኦሪሃራ ፋርማሲስት ናት፤ ቤቷ ግን ከመድኃኒት ይልቅ ጭራቅ ይበዛበታል። ጹኩዳን ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ የአሻንጉሊት ኩባንያ አማካሪ አድርጎታል። ባጁን እሑድም ከአንገቱ አያወልቅም።

ወሬው ያው ስለ ድጋሚ። የድሮዎቹ እንደገና ተሠርተው ሲወጡ እንዲያ ነው የምንላቸው።

"ድጋሚ ማለት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው" አልኩ። "ቤቴ አይገባም።"

"የራስህን ቴንዛሮ ያበደርከን ግን ለድጋሚ ነው" አለ ጹኩዳ። "አባቱ አንተ ነህ እኮ።"

"በዚህ ሽበት? አያቱ በለው" አለች ኦሪሃራ።

ምን እላለሁ? እውነታቸውን ነው። ኩባንያው የቴንዛሮን፣ የዚያን ቀንዳም ባለካባ ጀግና፣ የድሮ ፎርማ ከጣለው ቆይቷል። ከሰው እጅ የተረፉት ደግሞ አንዱ ክንድ የለው፣ አንዱ ቀልጧል። የኦሪሃራው ራስ ብቻ ነው። ከነካባው ሙሉ የተገኘው የኔው ነበር። ኦክቶበር ላይ ሰጠኋቸው፤ በማሽን ለክተው ይመልሱልኛል። ስሜም ካርቶኑ ላይ ይታተማል ተብሏል። ለዚህ ብዬ ነው እንዴ የሰጠሁት?

ለዚህ ነው።


ሜይ 14

እማዬ ዛሬም ስለ ቴንዛሮ ጠየቀችኝ።

"ካዙ፣ መጣ?"

"ለቦን ይደርሳል፣ እማዬ።"

"ቦን እኮ ደረሰ።"

የት ደረሰ። ሙታኖቻችን ቤታቸውን ሊጠይቁ የሚመጡት፣ እኛ ሰፈር፣ ጁላይ ላይ ነው። ለእሷ ግን ከቦን እስከ ቦን ያለው ጊዜ እንደ ቀን የሚቆጠር አይደለም።

ለጹኩዳም ለኦሪሃራም ነግሬያቸው አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው የኖርሁት። ታናሽ እህቴ ቺዙ አራት ዓመቷ፣ እኔ ሰባት። "ስጠኝ"፣ "አልሰጥሽም"፤ ቴንዛሮን ወዲህና ወዲያ ጎተትነው። እጇ ሲደክማት በጥርሷ ያዘችው። ግራ ክንዱን ነክሳ አልለቅም አለች። ያላቀቀቻት እማዬ ናት፣ እየሳቀች። የዚያን ዓመት ብርድ ሲገባ እህቴን ትኩሳት ያዛት። ሳምንትም አልቆየች።

ልብሷ ለዘመድ ልጅ ተሰጠ። ፎቶዋ ሁለት ነው፤ በሁለቱም ፊቷን አዙራለች። የቀረን ጥርሷ ነው፣ ጎማው ላይ። በየቦኑ እማዬ ቴንዛሮን ታቅፋ አውራ ጣቷን እዚያ ስርጉድ ላይ ታሳርፋለች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ልጇን የምታይበት ሌላ ነገር የላትም።

እኔ ደግሞ ለስሜ ብዬ አበደርሁት...


ሜይ 25፣ እሑድ

ጹኩዳ የመጀመሪያውን ድጋሚ ይዞ መጣ። ጠረጴዛውን አስጠረገ፣ ነጭ ጓንት አጠለቀ፣ ካርቶኑን ቀስ ብሎ ከፈተው። አስተናጋጇ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ስሜ ካርቶኑ ጀርባ ላይ አለ፤ ለማንበብ መነጽር የሚያስፈልገው ስም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ከዚያ ግራ ክንዱን አየሁ።

ጥርሷ እዚያው አለ። ከላይም ከታችም። ማሽን ምን ያውቃል፤ ጌጡንም ንክሻውንም እኩል ለክቶ ወስዶታል።

"ይኸን አያችሁ?" ጹኩዳ በጓንቱ ጠቆመ። "የዱሮው ቀራፂ ሆን ብሎ ያኖረው ጠባሳ ነው። ጭራቁ የነከሰው ቦታ።"

"የትኛው ጭራቅ?" አለች ኦሪሃራ።

"ሸረሪቱ ነዋ።"

"ሸረሪት ጥርስ አለው እንዴ?" አለች። "የዓሣው ነው።"

"ዓሣው የነከሰው ቀኙን ነው። ሰው እንዳይሰማሽ።"

ተከራከሩ። እኔ መሐላቸው ተቀምጬ የእህቴን ጥርስ ለሸረሪትና ለዓሣ ሲያከፋፍሉ ሰማሁ። የኔው ላይ ብቻ ነው ያለው ማለት ነበረብኝ። ያን ካልኩ "ታዲያ ምንድን ነው?" ይሉኛል። ያን ከጠየቁኝ ደግሞ...

ቡናዬን ጨርሼ ወጣሁ።


ሜይ 26

አሥር ሺህ ነው የሚያመርቱት። ቺዙ የነከሰችው አንድ ጊዜ ነው።


ጁን 8

ድጋሚው ዛሬ ወጣ። የአሻንጉሊት ሱቆች ወደሞሉበት ወደ አኪሃባራ ሄድሁ። ለመግዛት አይደለም፣ ለማየት ነው።

ወረፋው ሕንፃውን ዞሯል። ሁሉም የኔ እኩያ። ራሰ በራ፣ ቦርጫም፣ ወገቡን የሚይዝ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሦስት አንስቷል። እኛ ዘንድ ደንብ ነው፤ አንዱ ለማስቀመጥ፣ አንዱ ለማየት፣ አንዱ ነገሩን ለማያውቅ ሰው ለመስጠት። "ልጅነቴን አገኘሁት" ይላል ለጓደኛው። ዓይኑ እንባ አቅሯል። ልጅነቱን ያገኘው የኔ ቤት ወለል ላይ መሆኑን ማን ይንገረው?

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ውሸት ነው። ሰው ያላየውን ይናፍቃል፣ ያልነበረውን ይናፍቃል። እነዚያ ኩባንያዎች ይህን ከኛ በፊት አውቀውታል። መቼ ጡረታ እንደምንወጣም ያውቃሉ። ልጅ ሳለን ለእናታችን አለቀስን፤ አሁን ለማንም አናለቅስም፣ ካርድ አውጥተን እንከፍላለን። የሚሸጡልን አሻንጉሊት መስሎን...

ማታ ኢንተርኔት ላይ የተጻፈውን አነበብሁ። አንዱ "ክንዱን አይጥ የበላው ይመስላል" ብሏል። ሌላው "ለዚህ ነው ድጋሚ ቤቴ የማላስገባው" ብሏል። ይኸኛውን ባላውቀው ኖሮ እኔ ነኝ እል ነበር።


ጁን 19

ሰሜን ያለ አንድ ሽማግሌ የራሱን ቴንዛሮ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አወጣ። ማንም የማያውቀው፣ ሙሉ፣ ግራ ክንዱ ልሙጥ። እሳት ተነሳ። ኩባንያው ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ፤ "በግራ ክንዱ ላይ ስለታየው ጉድለት"። ክንዱን ነቅሎ ያመጣ ሰው በነጻ በልሙጥ ይቀየርለታል።

ጉድለት።

ጹኩዳ ደወለ። "በዚህ ዕድሜዬ የልጅ ልጄ የሚሆን አለቃ ፊት ጎንበስ ብዬ ቆምኩ። የተበላሸ መሆኑን እንዴት አትነግረኝም?"

"አልተበላሸም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አሁን ንገረው፣ አልኩ ለራሴ። አፌን ከፈትሁ።

"ይቅርታ" አልኩት።

እኔ! አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ፤ ሳያዩ የለኩት እነሱ፣ ይቅርታ ጠያቂው እኔ። ቆይቶ ድምፁ ለዘብ አለ። "በል ተወው። ሃያ ዓመት ጓደኛሞች ነን፣ በአንድ ክንድ አንጣላም። ስመልስልህ ትደሰታለህ።"

እውነትም ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። ሊመጣ ነዋ። አሥር ሺውን ይቀያይሩ፣ ምን ገዶኝ፣ የኛው ይመጣል። ለእማዬም ነገርኋት። ዛሬ ዓሣዋን አላስተረፈችም።


ጁላይ 1

ቴንዛሮ ተመለሰ።

ጹኩዳ በሐር ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣው። ኦሪሃራም ነበረች፤ ኬክ አዝዛለች። "ክፈተው፣ ክፈተው" አሉኝ እንደ ልደት ስጦታ። ከፈትሁት። ካባው አለ፣ ቀንዱ አለ። አውራ ጣቴ ግራ ክንዱ ላይ ሄደች።

ልሙጥ።

"አገር ያወቀው ባለሙያ ነው የሠራው" ይላል ጹኩዳ። "ከኪሴ ነው የከፈልኩት፣ እንዳታመሰግነኝ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ስቱኮ ሞልቶ፣ የዱሮውን ቀለም አመሳስሎ... የት እንደነበረ እንኳ ልታገኘው አትችልም።"

እኩላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች።

"ስቱኮው ይወጣል?" አልኩት።

"ለምን ይወጣል?"

"ይወጣል ወይ?"

"ቢወጣም ከሥሩ ምንም የለም። ፈግፍጎታል አልኩህ እኮ። ምን ሆነሃል?"

"የእህቴ ጥርስ ነበር።"

እንዲሁ አፌ ላይ መጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልወጣ ነገር ኬክ ላይ ወጣ። ቺዙን ነገርኋቸው፣ ትኩሳቷን፣ የእማዬን ጣት። ኦሪሃራ ከቦርሳዋ ብቅ ያለውን የራሷን ድጋሚ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገችው። ቀስ ብላ ነው፣ እንዳላይ። የሞተ ልጅ ነገር ቤቷ እንዲገባ አትፈልግም መሰለኝ። ክንዱን ልትቀይረው ነው።

ጹኩዳ ጨርቁን አጣጠፈ። ዘረጋው። እንደገና አጣጠፈ።

"እህት ነበረችህ እንዴ?" አለኝ።

የጓደኝነታችን ልክ ይህ ነው። የእያንዳንዱን ጭራቅ የልደት ዓመት እናውቃለን። እሱም ሚስት እንደሞተችበት ያወቅሁት ከሌላ ሰው ነው። ሳስበው ልቆጣው አልቻልሁም፤ ይሄ ነው ከሁሉ የባሰው። ቢሰርቀኝ ይሻል ነበር። ደግ ሰው ሲያጠፋህ ምን ትለዋለህ?


ጁላይ 3

እማዬ፦ "መጥቷል አይደል? ሸተተኝ።" 

ፋብሪካ ነው ያለው አልኋት። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው።


ጁላይ 5

ክንድ ወደሚቀየርበት ሱቅ ሄድሁ። ባንኮኒው ላይ ትልቅ ሳጥን አለ። ግራ ክንዶች እስከ አፉ። ሰዎች ነቅለው ይጥሉበታል፣ ልሙጡን ተቀብለው ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ።

"ከነዚህ አንድ ስጡኝ" አልኩት ልጁን።

"ጌታዬ፣ እነዚህ ጉድለት ያለባቸው ናቸው።"

"አውቃለሁ።"

"ደንበኛ እጅ እንዲገቡ አይፈቀድም። ተሰብስበው ይፈጫሉ። አዲሱን ልስጥዎት? በጣም ንጹሕ ነው።"

ልጁ ምን አደረገ። ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። ከኋላዬ ክንዶቹ ሳጥኑ ውስጥ ሲወድቁ ይሰማኛል።

በሙሉ ዕድሜዬ ኦርጅናል ኦርጅናል ስል ኖርሁ። ድጋሚ የገዛውን ሰው ስንቴ ሳቅሁበት? አሁን ኦርጅናሉ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጥርሷ ያለው ግን ድጋሚው ላይ ነው። ድጋሚውን ደግሞ እየፈጩት ነው።


ጁላይ 8

ከሥራ እንደወጣሁ ናካኖ ሰፈር ሄድሁ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምድር ቤት። ጥግ ላይ፣ ከተሰበሩ መኪናዎችና ከጭንቅላት አልባ አሻንጉሊቶች ጋር፣ ሦስት ቴንዛሮ። እያንዳንዳቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ "ግራ ክንዱ ጉድለት አለው።"

ሻጩ አዛውንት ነው፤ ሲጋራውን ጆሮው ላይ ሰክቷል። "እሱን ተዉት፣ ወንድሜ" አለኝ። "ክንዱ የተቀየረለት አለኝ፣ በዚሁ ዋጋ።"

"ይኸን ነው የምፈልገው።"

"ደህናው እያለ?"

"ደህናው ቤቴ አለ።"

አየኝ። ከዚያ ትከሻውን ሰብቆ አንዱን መጠቅለል ጀመረ። ሦስቱንም አልኩት። "አሃ" አለ ሳቅ ብሎ፣ "ለማስቀመጥ፣ ለማየት፣ ለመስጠት። ለማን ነው የሚሰጡት?"

ከፍዬ ወጣሁ። ባቡር ውስጥ ከረጢቱን ታቅፌ ቆምሁ። ድጋሚ ቤቴ ገባ። ሦስት ሆኖ ገባ።


ጁላይ 10

ጹኩዳ ደወለ። አላነሳሁትም። ኩባንያው ኦርጅናሉን ለኤግዚቢሽን እንደሚፈልገው በጽሑፍ ላከልኝ። ስሜ በትልቁ ይጻፋል አሉ።

ውሰዱት፣ ብዬ መለስሁለት። ስም አያስፈልግም።


ጁላይ 13

ቦን ገባ። ኪያሩን በእንጨት እግር ፈረስ አደረግሁት፣ ደበርጃኑን ላም። ቺዙ በፈረሱ ቶሎ ትመጣለች፣ በላሟ ቀስ ብላ ትመለሳለች። መንገዱን እንድታይ በራችን ላይ እሳት ለኮስን። እማዬን ደግፌ ፎቶዎቹ ካሉበት መደርደሪያ ፊት አስቀመጥኋት።

እጇን ዘረጋች። ድጋሚውን ሰጠኋት።

አውራ ጣቷ ማንንም ሳትጠይቅ ሄደች። አገኘችው። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ፤ እኔም ተነፈስሁ። ተሳካ አልኩ በሆዴ። አታለልኋት ብዬ ደስ አለኝ፣ በእናቴ ላይ...

ከዚያ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

"አዲስ አዲስ ይሸታል።"

"አጥቤው ነው፣ እማዬ።"

"ቀልሏልም።"

"አርጅቶ ነው።"

"እኔም አርጅቻለሁ። ቀለልሁ?"

ጣቷ ግን ከስርጉዱ አልተነሳችም። ከላይ ያሉትን አንድ በአንድ ነካቻቸው፣ ከዚያ የታቹን። የውጭው እሳት እስኪጠፋ ቆየች።

"ጥርሱስ የሷ ነው" አለች። "ያኛውስ?"

ስዋሻት ሰንብቼ አሁን መዋሸት አቃተኝ።

"ያኛውን ጠገኑት" አልኋት። "ዳነ።"

"እሷ ሳትድን?"

አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ድጋሚውን ከኪያሩ ፈረስ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙራ አቆመችው።