የጌታነህ ግንባር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ እጄን ጠላሁት።

ከሸሕዲ ከተማ ወደዚህ የሰሊጥ እርሻ ለአጨዳ አብረን ስንመጣ ተስማምተን ነበር። አንዱ ከታመመ ድርሻውን ሌሎቻችን ተካፍለን እናጭድለታለን። መታመሙን ደግሞ አጠገቡ የሚተኛው ሰው ዳስሶ ይመሰክራል። ጠዋት ጌታነህ “ወባዬ ተነሣብኝ” ብሎ ሲቀር፣ የሁላችን ትልቅ ጋሼ ታከለ “አብረኸው የምታድረው አንተ አይደለህ? እስኪ ዳስሰው” አሉኝ። ግንባሩ ቀዝቃዛ ነበር። ያገኘሁትን ተናገርሁ። “እንግዲያው ለግሞ ነው” ተባለና ድርሻውን ማንም ሳይነካው ዋለ።

ወባ ለቀቅ አድርጎ እንደሚመለስ ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም፤ እኔንም ይዞኝ ያውቃል። ግን ወገቤን እያመመኝ የሰው ድርሻ መደረብ ታክቶኝ ነበር።

ወደ ማታ ስንመለስ ጌታነህ ዳሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እጄን ይዞ ግንባሩ ላይ አኖረው። ይፋጃል። ወጥቼ ለጋሼ ታከለ ነገርኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና “የጠዋቱን እንመን ወይስ የአሁኑን?” አሉኝ።

በጌታነህ ድርሻ ያለው ሰሊጥ ደርቆ አፉን መክፈት ጀምሯል፤ ነገ ካልታጨደ ይረግፋል። ጠዋት ደግሞ “ዳስሰው” ይሉኛል። ያኔ ግንባሩ ተመልሶ ይቀዘቅዝ ይሆናል።