የካርታ ቀራጩ የአቶ ሲብራንት ሜይነርትስ ሕይወትና እርማት

አቶ ሲብራንት ሜይነርትስ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከአቶ ሜይነርት ሲሞንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትሬይን ፒተርስ በ1571 በኤንክሃውዘን ከተማ ተወለዱ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ይሁኑ እንጂ ጀልባ ላይ በወጡ ቁጥር ሆዳቸው ይታወክ ስለነበር፣ አባታቸው በአሥራ ሦስት ዓመታቸው አምስተርዳም ለሚኖር ወርቅ አንጥረኛ ሰጧቸው። በወረቀት ላይ ሲታተም እንዲቃና፣ ፊደልና ቁጥርን ገልብጦ በመዳብ ላይ መቅረጽን የተማሩት እዚያ ነው።

በ1596 በአሳታሚው በባልተን ዊገርስ ቤት በካርታ ቀራጭነት ተቀጠሩ። በ1598 በዚያው ቤት ካርታ ቀለም ይቀቡ የነበሩትን ወይዘሮ ሊስቤት ያንስን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ሁለቱን በ1602 በገባው ወረርሽኝ በአንድ ሳምንት ቀበሩ። ሐዘናቸው ሳይወጣላቸው ቤቱ ያሳትመው የነበረውን የባሕር አትላስ፣ ማለትም የመርከበኞችን የካርታ መጽሐፍ፣ መቅረጽ ቀጠሉ፤ መጽሐፉም በ1604 ታትሞ ወጣ።

በ1606 ኅዳር ላይ እህል የጫነች መርከብ በፍሊላንድ ደሴት አጠገብ ከአሸዋ ክምር ጋር ተላትማ ተሰበረች። ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። የመርከቧ መሪ ሚስት ወይዘሮ ኔል፣ ከባላቸው አስከሬን ደረት ላይ የተገኘውን የአትላሱን ገጽ ይዘው አሳታሚው ሱቅ ድረስ መጡ።

«የውኃው ጥልቀት እዚህ ጋ ሰባት ይላል፤ ባሌ ያመነው ይህን ነው። ማነው የጻፈው?» አሉ።

አሳታሚው አደጋውን በማዕበል ማመካኘት ሲጀምሩ አቶ ሲብራንት ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እኔ ነኝ የቀረጽኩት፣ እሜቴ። በረቂቁ ላይ ሁለት ነበር፤ እጄ ነው የሳተው» አሉ።

ወይዘሮ ኔል ገጹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እንግዲያው ያርሙታ። ለእኔስ አይደለም፤ ገና ለሚሳፈሩት» ብለው ወጡ።

አቶ ሲብራንት መዳቡን ከጀርባው በመዶሻ ቀጥቅጠው፣ ፊቱን አለስልሰው፣ ቁጥሩን እንደገና ቀረጹ። አሳታሚው ግን፣ «የተሸጠውን ተወው። ወሬው ከወጣ ማን ካርታ ይገዛናል?» አሏቸው። ሁለት መቶ አሥራ አራት መጻሕፍት ተሸጠው ነበር። አቶ ሲብራንት በ1607 ሥራቸውን ለቀቁ፤ የገዢዎቹን ስም አፈላልገውም መንገድ ጀመሩ።

በየወደቡ እየዞሩ ሰባቱን በቢላ ፍቀው ሁለት ብለው በቀለም ጻፉ። ክረምት ክረምት የብር ማንኪያ እየቀረጹ ቤታቸውን ያስተዳድሩ ነበር። ዳንዚግ ድረስ በመርከብ ሲሄዱም ሲመለሱም እያስመለሳቸው ነበር። በሆርን ከተማ አንድ ካፒቴን፣ «በገደልክበት እጅህ ልታድነኝ መጣህ?» ብሎ በሩን ዘጋባቸው። አቶ ሲብራንት ደጁ ላይ ቆመው ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ካፒቴኑ መጽሐፉን አውጥቶ ሰጣቸው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዓይናቸው ስለደከመ ልጃቸው አልትየ እጃቸውን ይዛ ታስጽፋቸው ነበር። በደረት ሕመም አራት ወር ተኝተው፣ የካቲት 14 ቀን 1629 በተወለዱ በ57 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ይህን የጻፍኩትን እኔን አማቻቸውንና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል። ወይዘሮ ኔልም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው ያስተዛዝናሉ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማዕበል ከማይደርስበት ወደብ ያድርስልን፤ በባሕር የቀሩትንም ዘጠኙን ያስብልን።

ለቀብር የመጣችሁ ሁሉ፣ አንድ ቃል አለን። ሁለት መቶ ሦስቱ መጻሕፍት ታርመዋል፤ አሥራ አንዱ የት እንዳሉ አላወቅንም። የ1604ቱ አትላስ ቤታችሁ ያለ እንደሆነ እባካችሁ አምጡልን። አልትየ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ቢላውንና ቀለሙን ይዛ ትጠብቃችኋለች።