የእንግሊዞቹ «አሁን»

ጅቡቲ፣ ሐምሌ ፱ ቀን ፲፱፻፲፰ ዓ.ም.

መቀመጥም መቆምም አቃተኝ። በእኔ አስተርጓሚነት የተነሳ ጎረቤቴ ዘነበች ከጠዋት ጀምራ ወደቡ ላይ ፀሐይ እየጠበሳት ነው።

ባሏ የእንግሊዝ መርከብ ላይ እሳት ቆስቋሽ ነው። ዛሬ መርከቡ ሲገባ እሱ የለም። ካፒቴኑን ጠየቅሁላት። «ከዓደን በሌላ መርከብ ይመጣል፣ ፕረዘንትሊ» አለኝ። እኔ እንግሊዝኛ የተማርኩት ሚሲዮን ቤት፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። የተረገመችው በለስ በዚያው ቅጽበት ደረቀች የሚለው በዚህ ቃል ነው። ስለዚህ «አሁን ይደርሳል» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑን ደግሜ ብጠይቀው ሳቀብኝ። «ያ ትርጉም ከአያቶቻችን ጋር ተቀብሯል። ዛሬ ‹ቆይቶ› ማለት ነው» አለ። ምን ያህል ቆይቶ እንደሆነ እሱም አያውቅም።

ሮጬ ሄጄ ነገርኳት። ዓይኗን ከባሕሩ ላይ አልነቀለችም።

«ምንም አይደል ጋሼ። እሱም ሲሄድ ‹መጣሁ› ብሎኝ ነው የወጣው» አለችኝ።

ከወጣ ሁለት ፋሲካ አልፏል።

ቤት ሆነን እንጠብቀው ብላት እምቢ አለች። ጥላ አልያዘች፣ ውሃ አልያዘች። ምን ላድርግ? «በይ ጥላና ውሃ ይዤልሽ መጣሁ» አልኳት።

ያን ጊዜ ነው ዓይኗን ከባሕሩ አንስታ ያየችኝ።

ውሃው የቤቴ በር ሥር ተቀምጧል። ጥላውን ጉልበቴ ላይ አጋድሜ ይህን እጽፋለሁ። ልነሳ። አሁን።